የማቅናት ልክ

ጠማማውን ማቅናት የሁሉ ምኞት ነው። ሰው ጎረቤቱን ሊያቀና፣ ልጁን ሊያቀና፣ አገሩንም ሊያቀና ይመኛል፤ ምኞቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የማቅናት ሥራ በሁለት በኩል ይበላሻል። አንደኛው፣ ጠማማው «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ እንደ ጠመመ ሲተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ መቃናት የማያስፈልገው ሁሉ ካልተቃና ተብሎ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ሲፋቅ ነው። ስለ መጀመሪያው ጥፋት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተመክሯል። ስለ ሁለተኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ አብዝቶ የሚያርም ሰው ትጉህ ይመስላልና ማንም አይወቅሰውም። እኔ በዚህች ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ልናገር አስቤአለሁ። ምሳሌዬንም የማመጣው ከነገሥታት ታሪክ ሳይሆን ከአንድ ርካሽ የአናጢ መላጊያ ነው።

እኔ በሙያዬ አናጢ አይደለሁም። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በግቢዬ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛና አንድ ሞርሳ አቁሜ ለቤቴ የሚያስፈልገውን በርጩማና መደርደሪያ እሠራለሁ። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የምነግርህ የሊቅ ትምህርት ሳይሆን በእጄ ደጋግሜ ያየሁትን ነው።

የእኅቴ ልጅ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይቀናው በቀረ ጊዜ የእንጨት ሥራ ልማር ብሎ ተነሣ። አባቱ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። በአገራችን የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ የማየት ጠባይ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው በሽታው የቱን ያህል በርትቶ እንደ ነበር ያስረዳል። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል ቢባልም፣ «ልጄ ቢሮ ገባ» በሚልና «ልጄ አናጢ ሆነ» በሚል አባት ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ገና አልጠፋም። ያም ሆኖ አባቱ ስድስት ወር ጊዜ ሰጠው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ የሚታይ ነገር ሠርቶ ካላሳየ የእንጨቱ ነገር ይቀራል ተባለ።

የቤቱ ጭንቀት ግን የሙያ ክብር ብቻ አልነበረም። ሁለት የሰፈር ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አቋርጠው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ወጥተው ነበር። ያንደኛው ወሬ ከጠፋ ወራት አልፎ ነበር። እኅቴ ሌሊት እየተነሣች ልጁ በአልጋው ላይ መኖሩን ታይ ነበር። እኔም ልጁ በግቢዬ የሚቆይባትን እያንዳንዷን ቀን እንደ ትርፍ እቈጥራት ነበር።

ልጁ የቀን ሥራ እየሠራ ባጠራቀማት ገንዘብ ከመርካቶ አንድ የብረት መላጊያ ገዛ። ዋጋው ከደኅናው መላጊያ ሩብ አይሞላም። በማግስቱ ጣውላ ይዞ ሲሞክረው መላጊያው አንዴ እንጨቱን ሳይነካ ይንሸራተታል፣ አንዴ ደግሞ ነክሶ ይቆማል፤ በግድ ሲገፋውም እየተንገጫገጨ ጣውላውን ይቦጭቀዋል። ፍቅፋቂው በአፉ ውስጥ ተወትፎ በየደቂቃው በመሮ ጫፍ ይጎለጉለው ነበር። እስከ ቀትር ታገለውና ወደ እኔ ይዞት መጣ። «ጋሼ፣ ይኸ መላጊያ አይረባም» አለኝ፤ ጥቂት ዝም ብሎም «ወይም እኔ አልረባም» ሲል ጨመረበት። የመጀመሪያዋ ቃል ቀላል ናት። ሁለተኛዋ ግን ከአንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አፍ ስትወጣ አያስደንግጥም የሚል ካለ ልጅ አላሳደገም።

ስለዚህ መላጊያው ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ነገርሁት። መላጊያ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከፖምፔ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የሮማውያን መላጊያዎች ተገኝተዋል። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የብረት መላጊያ መልክ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ሊዮናርድ ቤይሊ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ነው፤ ስታንሊ የተባለው ኩባንያም በ1869 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የቤይሊን ሥራ ከነመብቱ ገዝቶ በዓለም ዙሪያ አሠራጨው። የልጁም መላጊያ የዚያው መልክ ቅጂ ነው። አጥንቱ ደኅና ነው። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብረት አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ብዙ አያስወጣም፤ ዋጋ የሚያስወጣው ከዚያ በኋላ ያለው የማስተካከል፣ የመሳልና የማገጣጠም ድካም ነው። ርካሽ መላጊያ የሚሠራ ሰው ይህን ድካም ትቶ ይሸጥልሃል። ገዢው የገዛው ያላለቀ ሥራ ነው። «እንግዲህ አንተም እሱም ገና ናችሁ፤ የማይረባና ያላለቀ አንድ አይደሉም» አልሁት።

እርግጥ፣ ሁሉ ይቃናል ማለቴ አይደለም። አካሉ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ገመድ የተጠማዘዘ መላጊያ ድካምን ይበላል እንጂ አይድንም። ይህን ለማወቅ ከመግዛት በፊት ገልብጦ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በታች ገጹ ላይ በቁመትም በአግድምም በሰያፍም እያጋደሙ ብርሃን በየት በኩል እንደሚያልፍ ማየት ነው። የልጁ መላጊያ ስንጥቅም ጥምዝም አልነበረበትም፤ መካከሉ ብቻ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነበር።

ፈታትነን ከፋብሪካ የተቀባውን ቅባት በላምባ አጠብነው። ከዚያ መልሰን አሰርነው፤ ስለቱን ግን እንዳይነካ ወደ ውስጥ ሳብነው። መላጊያ ሲታሰር አካሉ በጥቂቱ ስለሚወጠር፣ የሚስተካከለውም በሥራ ጊዜ እንደሚሆነው ታስሮ ነው። የታች ገጹን በማርከር በመስመር በመስመር አቀለምነው። በወፍራም መስታወት ላይ ባለ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለጥፈን መላጊያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ጊዜ አስኬድነውና ገልብጠን አየነው። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ወረቀቱን የነካ ነው፤ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ያልነካ ነው። ከፊት ጫፉና ከኋላ ጫፉ ቀለሙ ሄዷል፤ በአፉ ዙሪያ ግን እንዳለ አለ። የችግሩ ግማሽ ይኸው ነበር። በአፉ ፊት ያለው ገጽ እንጨቱን ካልተጫነው ስለቱ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለመቁረጥም አብዝቶ መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ አብዝቶ ሲወጣ ደግሞ ይነክሳል።

ልጁ ነገሩ ሲገባው በኀይል ያሸው ጀመር። ከአንድ ሰዓት በላይ ሠርቶ በአፉ ፊት ያለው ቀለም በሙሉ ለቀቀ። በዚያ ጊዜ «በቃ፣ ተው» አልሁት። እርሱ ግን ከአፉ በስተኋላ፣ ከመካከል፣ እንደ ጣት ጥፍር ሰፋ ያለ ጥቁር ቦታ ቀርቶ ነበርና «ጋሼ፣ ይኸ ገና ነው እኮ፤ ሁሉም እስኪያበራ ልሥራው» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ። መላጊያ በትክክል ይሠራ ዘንድ በሦስት ቦታ አንድ መስመር ላይ መዋል ይበቃዋል፤ ይኸውም በፊት ጫፉ፣ በአፉ ፊትና በኋላ ጫፉ ነው። በመካከሉ የቀረው ጎድጓዳ እንጨት አይነካም፤ ሥራም አያበላሽም። እርሱን ለማብራት ሲባል ግን ሌላው የተስተካከለው ሁሉ እንደ ገና መፋቅ አለበት፤ እጅ ሲደክም ደግሞ መላጊያው እያዘነበለ ቀና የነበረው ጠርዝ መክበብ ይጀምራል። ስለዚህ አብዝቶ ማቅናት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም፤ የተቃናውን መልሶ ማጣመም ነው።

በስለቱም ላይ ይኸው ሕግ ይሠራል። ስለት የሚባለው የሁለት ገጾች መጋጠሚያ ነው፤ አንዱ ገጽ ሸካራ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢሳል ጠርዙ ሸካራ ይሆናል። ስለዚህ የብረቱን ጠፍጣፋ ጀርባ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሙሉውን ሳይሆን ከጠርዙ አጠገብ ያለውን የአንድ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ነው። ይህን በባለ 220፣ ከዚያም በባለ 400፣ በመጨረሻም በውሃ በሚሠራው በባለ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ቀጥሎ ሰያፉን ገጽ በ25 ዲግሪ ያህል አስይዘን፣ ጫፉን ብቻ ትንሽ ቀና አድርገን በ30 ዲግሪ ያህል ሳልነው። በጀርባው በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚያሻክር ቀጭን የብረት ቅርፊት በጠርዙ ሙሉ ስፋት ሲወጣ ያን ጊዜ ስለቱ እስከ ጫፍ ተስሏል ማለት ነው፤ ቅርፊቱን ጀርባውን አጋድመን አነሣነውና በቆዳ ላይ ጠረግነው።

በስለቱ ጀርባ ላይ በብሎን የሚታሰር ሌላ ብረት አለ፤ ሥራው የሚነሣውን ፍቅፋቂ ሰብሮ ማሳለፍ ነው። በልጁ መላጊያ ሁለቱ ብረቶች ተደርበው ወደ ብርሃን ሲያዙ በመካከላቸው ብርሃን ይታይ ነበር። ፍቅፋቂው የሚወተፈው በዚያ ቀዳዳ እየገባ ነው። የደራቢውን ብረት ከንፈር ብቻ በመስታወቱ ላይ አሽተን ገጠምነው፤ ከስለቱ ጠርዝም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አድርገን አሰርነው። ስለቱ የሚጋደምበትንም ተዳፋት መደብ አየነው፤ በቀለም የተቀባ ሁለት የጠጠር ያህል ጕብታ ነበረበት። እርሱን በሞረድ አነሣንና ብሎኖቹን አጠበቅን፤ መንገጫገጩ ከዚያ ይመጣ ነበርና። አፉን ግን አልነካነውም። ከአፍ ላይ የተሞረደ ብረት ዳግመኛ አይመለስም፤ አፉ የሰፋ መላጊያም እንጨቱን ከስለቱ ፊት ደኅና አድርጎ አይጫነውም።

በመጨረሻ የታች ገጹን በሻማ ቁራጭ አሸነው፤ በሞርሳ የዋንዛ ጣውላ አሰርን። ልጁ ስለቱን እስኪነካ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አወጣው፤ ፍቅፋቂው በአንድ ወገን ወፍሮ ቢያየው ከኋላ ባለችው ትንሽ ዘንግ ስለቱን ወደ ሌላው ወገን አዘነበለው። በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ሲገፋው መላጊያው ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ። አናጢ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ፍቅፋቂውም ሳይቋረጥ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠቀለለ ወጣ፤ ወደ ፀሐይ ሲይዘው ጣቶቹ በውስጡ ታዩት። ልጁ ምንም አልተናገረም። ሦስት ጣውላ ላገ፤ ምሳም አልበላም።

የሚቀጥለው እሑድ አባቱ መጣ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ፤ ልጁን የሚወድ፣ ስለ ልጁም እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ነገር ግን ፍቅሩ የሚወጣው በተግሣጽ ብቻ ነበር። ገና ከበር ሲገባ ጠጉሩ ስለ መርዘሙ ጀመረ፤ ከዚያ ስለ ጫማው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አቀማመጡ፣ ስለ አሳሳቁ፣ ስለ ጓደኞቹም ተናገረ። ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማው፤ ፊቱም ቀስ በቀስ እንደ በር ተዘጋ። ይህን ፊት አንዳንድ ወላጅ ትሕትና ይለዋል። እኔ ግን ከቤት ሊወጣ ያሰበ ልጅ ፊት ሆኖ ታየኝ።

ጥቂት ቆይቶ አባቱ መላጊያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ገልብጦ አየው። «ደኅና አድርጋችሁታል፤ ግን ይኸን ጥቁር ቦታ ለምን ተዋችሁት?» አለ። «እንጨት ስለማይነካው ነው» አልሁት። የሦስቱንም ቦታ ነገር አስረዳሁት፤ ያ ጥቁር ቦታ ይጥፋ ቢባል ደኅናው ጠርዝ እንዴት እንደሚከብ አሳየሁት። ሰውየው አስተዋይ ነውና ወዴት እንደምሄድ ሳልጨርስ ገባው። ልጁ ውሃ ሊቀዳ በወጣ ጊዜ «ለመሆኑ የእርሱ ሦስት ቦታ የትኞቹ ናቸው ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። መላጊያውን እንደ ያዘ ዝም አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «እንዳይዋሽ፤ የሰው ገንዘብ እንዳይነካ፤ የጀመረውን እንዲጨርስ» አለ። «ከሦስቱ የትኛው ጎደለበት?» አልሁት። ይህን አልመለሰልኝም።

ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም፤ አባቱም አልተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ሲገሥጽ ከመካከል ሲያቋርጥ አይቼዋለሁ። ልጁ በአምስተኛው ወር አንድ የዋንዛ ወንበር ጨርሶ ለአባቱ ሰጠው። አባቱ ተቀመጠበት፤ ወደ ቀኝ ወደ ግራም ገፋ ገፋ አደረገውና «አይነቃነቅም» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ልጁም ከዚህ በላይ አልጠበቀ። ዛሬ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ጠጉሩ እንደ ረዘመ ነው። ያ ወሬው የጠፋው ጓደኛው እስካሁን አልተሰማም፤ እናቱም በየቤቱ እየዞረች ትጠይቃለች።

ከዚህ ነገር ሦስት ምክር አወጣለሁ። አንደኛው፣ አንድን ነገር ወይም አንድን ሰው «አይረባም» ከማለት በፊት ያላለቀ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ስለቱ ሳይሳል፣ ብሎኑ ሳይጠብቅ የተጣለ መሣሪያ ብዙ ነው፤ ማንም ሳያስጨርሰው የተናቀ ልጅ ከዚያ ይበዛል።

ሁለተኛው፣ የጎደለው የት እንደ ሆነ በዐይን ብቻ አይገኝም። መላጊያውን ቀለም ቀብተን አንድ ጊዜ ባናስኬደው ኖሮ ችግሩ በአፉ ፊት መሆኑን ባላወቅንም ነበር፤ ዐይን የምታየው የሚያበራውንና የማያበራውን ብቻ ነው። ሰውንም የሚገልጠው ሥራ ነው። ሥራ ስጠውና የት እንደሚነካና የት እንደማይደርስ እይ፤ ከዚያ በኋላ ምክርህ ቦታውን ያገኛል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ማቅናት ልክ አለው። ሥራውን የሚነካውን አቅና፤ እርሱንም ሳትራራ አቅና። ሥራውን የማይነካውን ግን ተው። የተውኸው ነገር ያስጠላህ ይሆናል፤ ነገር ግን ያንተ ዐይን እንዲያርፍ ሲባል የሰው ጠርዝ መክበብ የለበትም። ደግሞም መላጊያ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ አይቀርም፤ የርካሽ ስለት ብረቱ ለስላሳ ነውና ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል። ስለዚህ ጕልበትህን በማይነካው ቦታ አትጨርስ፤ ነገ ለሚደነዝዘው ጠርዝ አቆየው።